መብራት ሲጠፋ ዓሦቻችን እንዴት ይሰንብቱ?

በዛሬው ዓምዳችን በሳሎናችን ጥግ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ዝም ብለው ስለሚኖሩት እንስሶቻችን እንነጋገራለን። ውሻ ቢጨነቅ ይጮኻል፤ ዓሣ ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሙቀት በበረታበትና መብራት በጠፋበት ቀን ጭንቀቱን ቀድመን ልናውቅለት የሚገባን እኛ ነን።

ብዙዎቻችን መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ እንዳይርባቸው እንሰጋለን። ሆኖም ጤነኛ የሆነ ያደገ ዓሣ ጥቂት ቀናት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ኦክስጅን ካጣ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የአየር ፓምፑና ማጣሪያው ሲቆሙ ውኃው አይንቀሳቀስም፤ ከላይ የሚገባውም አየር ይቀንሳል። ሙቀት ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚይዘው ከዚህም በሩብ ያህል ያነሰ ነው። አዳማና ድሬዳዋ ላሉት ደግሞ የሙቀቱ ጉዳይ ይበረታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መብራት እንደጠፋ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ፣ የገንዳውን ክዳን ክፈቱ፣ ምግብ አትስጡ። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ያለውን ጥቂት ኦክስጅን ይሻማል። ቀጥሎም ሳሙና ባልነካው ኩባያ ውኃውን ከገንዳው እየቀዳችሁ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱና ከዘጉ ቶሎ ቶሎ ደጋግሙት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ግን ድካሙ ይቀራል።

ውኃው በጣም ከሞቀ መጋረጃውን ዝጉ፤ ቀድማችሁ በፍሪዘር ያስቀመጣችሁትን የበረዶ ሃይላንድ እንደተከደነ ገንዳው ላይ አንሳፉ። ድንገተኛ ቅዝቃዜም ዓሣን ይጎዳልና በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ ተጠንቀቁ። በደጋው ብርድ ሌሊት ደግሞ ጎንና ጎኑን በጋቢ ሸፍኑ፤ ላዩ ግን ክፍት ይሁን። ፍሊት በዚያ ክፍል ፈጽሞ አይነፋ፤ ለዓሣ መርዝ ነው።

መብራት ሲመጣስ? ማጣሪያው ለብዙ ሰዓታት ቆሞ ከነበረ በውስጡ የታቆረውን ውኃ ድፉት። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ቆሻሻውን የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላልና። ከዚያም የገንዳውን ውኃ ሩብ ያህል፣ ክዳን ሳይደረግበት አንድ ቀን ባደረ ውኃ ለውጡ።

ባልና ሚስቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አባት ገዝቶ ያመጣል፣ እናት ታጸዳለች፣ ልጆች ይወዷቸዋል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ግን ኃላፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጠዋት ዓሣው ሞቶ ሲገኝ «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ይጀመራል፤ ልጁም ለዓሣው እያለቀሰ ክርክራችንን ይሰማል። ዛሬ ማታ ተነጋገሩ፦ ቀድሞ ቤት የሚገባው ማን ነው? በረዶውን የሚያዘጋጀውስ? ኩባያውን ግን ለልጁ ስጡት። በጨለማ ውስጥ በገዛ እጁ ሕይወት ማትረፍን የተማረ ልጅ፣ እንክብካቤ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።