አስታማሚዋን ማን ያሳርፋት?

በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ወደ ውስጥ በሚያስገባ አንድ መንደር፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት አሉ። ልጃቸው 17 ዓመቱ ነው። አይናገርም፤ ካላጎረሱት አይበላም፤ ብቻውን ከተተወ ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በሩን ከውጭ ይቆልፉበታል። መንደሩም «ጨካኝ» ይላቸዋል። ይህን የሚጽፈው ተማሪ የዚያው ሰፈር ልጅ ነውና እንዲሁ ብሎ ማማቱን አይክድም። ነገር ግን ለዚያች አንድ ሰዓት ልጁን ልያዝልዎ ብሎ በሩን ያንኳኳ ከመካከላችን ማን ነበር?

ልጁ ቢሞት ኖሮ እድሩ በዚያው ቀን ድንኳን ይተክል ነበር፤ ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ፤ እናቲቱ ብቻቸውን እንዳያድሩ ጎረቤት ይፈራረቃል። ልጁ በሕይወት እስካለ ድረስ ግን ተረኛ የለም።

«ዘመድና ጎረቤት እያለ መንግሥትን ምን አስቸገረው?» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ይኖር በነበረበት ዘመን እውነትነት ነበረው። ዛሬ በሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት የጎረቤቷን ስም እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ደግሞስ ሕፃን መያዝና ጎልማሳ ሊሆን የተቃረበን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ መያዝ አንድ ነውን? ይህ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ሥልጠና ያለው ሰው ደግሞ ደመወዝ ይሻል።

ጥያቄያችን የምጽዋት አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 28፣ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከመንግሥት ሊያገኙት ከሚገባው እርዳታ መካከል ሥልጠናን፣ ምክርን፣ ገንዘብን፣ እንዲሁም አስታማሚውን ለጊዜው የሚያሳርፍ ተተኪ እንክብካቤን በግልጥ ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳት የመንግሥት ተግባር ያደርገዋል፤ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ማሰሪያ ግን አለው። በዚህች ማሰሪያ ሥር ብዙ ነገር እንደሚቀበር የምናውቀው ነው።

እስካሁን ሸክሙን የተሸከሙት ራሳቸው ወላጆች ናቸው። የኦቲዝም ማዕከል የሆነውን ጆይን በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ነበር። ሥራቸው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን የአንዲት እናት ብርታት የበጀት ምትክ ሊሆን አይገባም። ሁሉም እናት ማዕከል ልትመሠርት አትችልም። እንጀራ የሚሸጡት እናትማ ጊዜውን ከየት ያመጡታል?

በሌላ በኩል፣ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ያዝዝ ነበር። እናት ሥራዋን እንዳትተው ልጇን ሌላ ሰው ይይዝላት ዘንድ የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ መሆኑ ታምኖበታል ማለት ነው። ታዲያ ልጁ ዕድሜው ገፍቶ ጥገኝነቱ ባይቀር ይህ ምክንያት ስለ ምን ይፈርሳል? ሥራዋን የተወች እናት ኋላ በሴፍቲኔት ድጋፍ መዝገብ ላይ ስትመጣ መንግሥት ወጪውን መክፈሉ እንደሆነ አይቀርለትም።

የምንጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ በየወረዳው አንድ ክፍል፣ ሁለት የሠለጠኑና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች፣ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን፤ ለጅምሩ ይህ ይበቃል። የልዩ ፍላጎት ትምህርትና የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የተግባር ልምምዳቸውን እዚያ ሊያደርጉ ይችላሉ። በ1964 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ሄደው ያስተምሩ ነበር፤ ኮልፌ ግን በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ይሁን እንጂ ተማሪ ረዳት ነው፤ በፈተና ሰሞን የሚጠፋ ረዳት መሆኑን መምህራኖቻችን ያውቁታል፤ ስለዚህ ቋሚ ሠራተኛ በቋሚ በጀት መቀጠር አለበት።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ለክፍለ ከተማው አስተዳደር የሚቀርበው ደብዳቤ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለፊርማ ተቀምጧል። ከሁለቱ የትምህርት ክፍሎች መምህራን የሥልጠናውን ዝርዝርና የወጪውን ግምት የሚያዘጋጁልን ቢገኙ ከደብዳቤው ጋር አብረን እናያይዘዋለን።