የቤተ ሰብ ጤና፦ መድኃኒቱን ስለሚመልስ ነቀርሳ

በጡት ነቀርሳ (ካንሰር) የታመመች እናት ኬሞቴራፒ የሚባለውን መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ፥ ቀንሶ የነበረው እብጠት እንደ ገና ሲያድግ፥ ቤተ ሰቡ «እንግዲህ ተስፋ የለም» ብሎ ያዝናል። ይህ የሚሆንበትን ምክንያትና ሊቃውንት የደረሱበትን በዚህ ወር ልናስረዳ ወደድን።

ነቀርሳ መድኃኒትን የሚቋቋምበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976 የታወቀው ነው፤ ይኸውም ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፕሮቲን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ቆሞ፥ የገባውን መድኃኒት ሥራውን ሳይፈጽም ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ በር ጠባቂ ያልተጠራን እንግዳ እንደሚመልስ ማለት ነው። ሐኪሙ መጠኑን እንዳይጨምር ደግሞ ጤነኛው አካል ይጎዳል፤ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት ሲበዛ ልብን ያደክማል።

ስለዚህ ሊቃውንት መድኃኒቱን በናኖሜትር በሚለኩ ቅንጣቶች ውስጥ ከትተው ለመላክ አሰቡ። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሕዋሱ ቅንጣቱን እንዳለ ሲውጠው፥ መድኃኒቱ በር ጠባቂውን አልፎ ከውስጥ ይፈታል። ይህ ግን እስከ አሁን በአብዛኛው በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ የተፈተነ ነው።

በር ጠባቂውን ድል ነሣ ባይባልም፥ ለሕመምተኞች የደረሰ የቅንጣት መድኃኒት አለ። ፓክሊታክሴል በውኃ ስለማይሟሟ፥ በተለመደው አሰጣጥ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ይዘጋጃል፤ ማሟሚያውም በአንዳንዶች ላይ ብርቱ አለርጂ ያስነሣል። አልቡሚን ከሚባል የደም ፕሮቲን ጋር በ130 ናኖሜትር ያህል ቅንጣት የተሠራው ግን ያን ማሟሚያ አይሻም። ነቀርሳው ወደ ሌላ አካል በተዛመተባቸው 454 ሕመምተኞች ላይ ሁለቱ ሲነጻጸሩ፥ በአዲሱ ከ100 33ቱ፥ በተለመደው 19ኙ እብጠታቸው በሚገባ ቀነሰ፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ ግን በአዲሱ በረታ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ፥ ቀድሞ የወሰዱት ሕክምና ላልበጃቸው ተፈቀደ።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች ሆይ፥ አንድ መድኃኒት አልሠራም ማለት መንገዱ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሐኪሙን «ሌላስ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ገና በሙከራ ላይ ያለውን የተረጋገጠ ፈውስ አስመስሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ። ከሁሉ በፊት በጡታችሁ ላይ እብጠት ቢሰማችሁ በኀፍረት አትደብቁት፤ ባሎችም ሚስቶቻችሁን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱ። ሳይዛመት የተገኘ ነቀርሳ ከተዛመተው ይልቅ ለመዳን የቀረበ ነውና።