ያለ ሰረዝ ሱ ማለት ይቅር

በሊነክስ ላይ ተጠቃሚ ለመቀየር ሱ የሚለውን ትዕዛዝ ብቻውን መጻፍ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። የይለፍ ቃሉ ከገባና የትዕዛዝ መስመሩ ምልክት ወደ # ከተለወጠ በኋላ፣ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ሩት እንደሆነ ይታመናል። ይህ እምነት ስህተት ነው፤ ጉዳትም ያስከትላል።

የሚቀየረው የተጠቃሚው መለያ ቁጥር ነው፤ 0 ይሆናል። ሼሉ የወረሰው ኢንቫይሮመንት ግን በአብዛኛው የቀድሞው ተጠቃሚ ነው። ሆምና ሼል የተባሉት ተለዋዋጮች ይታደሳሉ፤ ፓዝ፣ ፓይተንፓዝና ሌሎቹ እንዳሉ ይቀራሉ። ሱ ከሰረዝ ጋር (ሱ -) ሲጻፍ ግን አሮጌው ኢንቫይሮመንት ከጥቂት ነገሮች በስተቀር ይጸዳል፤ የሥራ ፎልደሩ ወደ ሩት ቤት ይዛወራል፤ ባሽም እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ የፕሮፋይል ፋይሎችን ያነባል።

ዴቢያን 10 በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ልማዱ ተጋለጠ። እስከዚያ ድረስ የዴቢያን ሱ ከሻዶው ጥቅል የሚመጣ ስለነበር ያለ ሰረዝም ፓዝን ያስተካክል ነበር። በምትኩ የመጣው የዩቲል-ሊነክስ ሱ ይህን አያደርግም። ስለዚህ ሩት ሆኖ አድዩዘር ብሎ የጻፈ ሰው «ትዕዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ ገጠመው፤ ፕሮግራሙ ያለበት የኤስቢን ፎልደር በተራ ተጠቃሚው ፓዝ ውስጥ የለምና። ብዙዎች መፍትሔ ያሉት በሩት የባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ፓዝን በእጅ መጻፍ ነበር። ይህ አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ ይጠግናል፤ የቀሩት ውርሶች አልተነኩም።

ከሁሉ የከፋው የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። የተጠቃሚው የግል ቢን ፎልደር በፓዙ መጀመሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ በዚያ የተሸጎጠ ኤልኤስ የሚባል ሐሰተኛ ፕሮግራም በሩት ሥልጣን ይሠራል። እርግጥ የተጠቃሚው አካውንት አስቀድሞ ከተጠለፈ ሰረዝ ብቻዋን አታድንም፤ ሱ የሚለው ትዕዛዝ ራሱ ሊተካ ይችላልና። ይህ ግን የታወቀን ቀዳዳ ክፍት ለመተው ምክንያት አይሆንም።

«ያለሁበት ፎልደር እንዳይቀየር ነው» የሚለው ክርክር ሚዛን አለው። ለአንድ ትዕዛዝ ከሆነ ግን ሱዱ ይበቃል፦ ፎልደሩን አይነካም፣ በነባሪ ቅንብሩ ኢንቫይሮመንቱን ያጸዳል፣ በዴቢያንና በኡቡንቱም ፓዙን በተወሰነ ዝርዝር ይተካል። ሱዱ ሱ እያሉ ሁለቱን መደራረብ ትርፍ የለውም፤ ሙሉ የሩት ሼል ለሚፈልግ ሱዱ -አይ አለለት።