ከፎቶግራፍ መማርና ፎቶግራፍን መቅዳት

ፎቶግራፍ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በሌላው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ተካሂዶ የበረደ ቢሆንም፣ በአገራችን የሥነ ጥበብ ሰዎች መካከል ግን ዛሬም በሹክሹክታ ይካሄዳል። በአደባባይ ሲጠየቅ «ፎቶግራፍማ ጥበብ ነው እንጂ» ብሎ የሚመልሰው ሠዓሊ፣ ወደ ሥራ ክፍሉ ሲመለስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል። ፎቶ አንሺውን «ቁልፍ ተጫኝ» እያለ ይንቃል፤ የናቀውን ሰው ሥራ ደግሞ ከሸራው አጠገብ ለጥፎ መስመር በመስመር ይገለብጣል። ንቀቱና ግልበጣው የሚጻረሩ ይምሰሉ እንጂ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ፎቶግራፍ የሰው ድካም መሆኑን ያልተቀበለ ሰው፣ ባለቤት እንደሌለው የወንዝ ውኃ እንስራውን አስጠግቶ ይቀዳዋል።

ጉዳዩ የፎቶ አንሺዎች የጥቅም ጥያቄ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያስፈልጋል። የስምና የእንጀራ ጥያቄ መሆኑ አይካድም፤ ወደ እርሱም ይደረሳል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ቀጂው ራሱ ነው፤ የሚያጣውም ዐይኑን ነው።

አንድ ሥዕል ከፎቶግራፍ ላይ እንዳለ የተወሰደ መሆኑን ለማወቅ የሠዓሊውን ኑዛዜ መጠበቅ አያሻም፤ ሸራው ራሱ ይመሰክራል። የሰው ዐይን በጥላ ውስጥ ቀለም ያያል። የቀትር ጥላ ለሚያስተውል ሰው ሰማያዊም፣ ቡናማም፣ ከአጠገቡ ባለው ልብስ ተነክቶ ቀይ ዳማም ሊሆን ይችላል። ካሜራ ለብርሃኑ ሲመጠን ግን ጥላውን ብዙውን ጊዜ ድፍን ጥቁር አድርጎ ያስቀረዋል። ቀጂው ይህን ድፍን ጥቁር እንዳለ አምጥቶ በጉልት ነጋዴዋ አገጭ ሥር ይለጥፈዋል። ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ በቅርብ ሲያነሣ አፍንጫን አግዝፎ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል፤ አቅራቢው ሌንስ ከሩቅ ሲያነሣ ደግሞ የተራራቁትን ሁለት መንገደኞች ትከሻ ለትከሻ ያስጠጋቸዋል። ፎቶ አንሺው ይህን አውቆ የሚመርጠው ለአንድ ዓላማ ነው። ቀጂው ግን ምርጫውን ሳያውቅ ውጤቱን ይወርሳል። ከሁሉ የባሰው ብዥታው ነው። ፎቶ አንሺ የጀርባውን ገጽታ የሚያደበዝዘው የተመልካች ዐይን ሌላ ቦታ እንዳይባክን ብሎ ነው። በሥዕሉ ላይ ግን ያው ብዥታ በጥንቃቄ፣ በቀጭን ብሩሽ ተሥሎ ይገኛል! ተራራው ለምን ደበዘዘ ተብሎ ቢጠየቅ ሠዓሊው «ፎቶው ላይ እንዲህ ነው» ከማለት በቀር መልስ የለውም።

የቀድሞዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢቀርብላቸው መልስ ነበራቸው። ጻድቁን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኡን በአንድ ዐይን በጎን መሣል የሥራቸው ደንብ ነበር። የዓድዋን ጦርነት የሣሉትም የወገንን ጦር ፊት ለፊት፣ የጠላትን ጦር በጎን አሳይተዋል። አንድ ጥሩ ፎቶ አንሺ ጣቱ ቁልፉ ላይ ከማረፉ በፊት የሚወስነውን ነገር፣ ማለትም ማን ከየት አቅጣጫ ይታይ የሚለውን፣ እነርሱ ካሜራ ሳያዩ ወስነውት ነበር። ዛሬ ከፎቶግራፍ የሚገለብጠው ሠዓሊ ሊቆጭ የሚገባው በዚህ ነው፤ ውሳኔውን ለሌላ ሰው አስረክቧልና።

የማስረከቡ ውጤት በስጦታ ዕቃ መደብሮች ግድግዳ ላይ በብዛት ይታያል። በቀለም ያጌጠ የኦሞ ሸለቆ ልጅ ፊት፣ ከንፈሯ ላይ ገል ያደረገች የሙርሲ ሴት፣ ጀበና ይዛ የተቀመጠች ወይዘሮ፣ ደግሞም እንደገና ያው የኦሞ ልጅ። ከእነዚህ ሥዕሎች የብዙዎቹ ባለቤቶች ኦሞን ረግጠው አያውቁም። ከውጭ አገር በታተመ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ወይም ከስልክ መስተዋት ላይ ያገኙትን ነው የሚያባዙት። ሙርሲዎች ለጎብኚ ካሜራ የሚቆሙት በየፎቶው ዋጋ እያስከፈሉ መሆኑ በብዙ ጥናት የተመዘገበ ነገር ነው፤ ለጎብኚ ሲባል ጌጡ እንደሚበዛም ይታወቃል። እንግዲህ ሴትዮዋ ለእንግዳ ዐይን ተሰናድታ ቆመች፤ እንግዳው የፈለገውን አነሣ፤ ሠዓሊው የእንግዳውን ፍላጎት ገለበጠ፤ ሥዕሉን የሚገዛውም መልሶ ሌላ እንግዳ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሴትዮዋን በእርግጥ ያያት ማን ነው?

ይህ ሲባል ሠዓሊ ወደ ፎቶግራፍ ዘወር ብሎ አይመልከት ለማለት አይደለም። ትክክለኛው መማር ምን እንደሚመስል የፈረስ ታሪክ ያስረዳል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ቴዎዶር ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 በሣለው የኤፕሰም እሽቅድምድም ላይ ፈረሶቹ የፊት እግራቸውን ወደ ፊት፣ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። የሰው ዐይን እንደዚያ የሚያይ ይመስለው ነበር። ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 በካሊፎርኒያ ካሜራዎችን ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስን በተከታታይ ሲያነሣ፣ ፈረስ አራት እግሩን ከመሬት የሚያነሣው ዘርግቶ ሳይሆን ከሆዱ ሥር ሰብስቦ ሳለ እንደሆነ ታወቀ። ኤድጋር ደጋ እነዚህን ፎቶግራፎች አጥንቶ ፈረስን እንደ አዲስ ሣለ። የወሰደው ዕውቀቱን ነው፤ ቀለሙ፣ የሥዕሉ አቆራረጥና የጋላቢዎቹ ድካም የራሱ የደጋ ነበሩ።

የአገራችን ሠዓሊ እንዲህ ያለ መምህር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም። ሚካኤል ፀጋዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ዲፕሎማ የተመረቀ ሰው ነው። የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ብሩሹን ትቶ ካሜራ አነሣ። («ቁልፍ ተጫኝ» የሚለው ወገን ይህን ልብ ቢለው ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ብሩሽ መያዝ ያቃተው አልነበረም።) ሥራዎቹን በጥሞና ለሚመለከት ሰው የሠዓሊነቱ ትዕግሥት ከውስጣቸው አልጠፋም። በየመካነ መቃብሩ እየዞረ በሐውልቶች ላይ የተለጠፉትን የሟቾች ምስሎች አንሥቷል። ፀሐይና ዝናብ ከመታቸው በኋላ የአንዱ ፊት ተላልጧል፤ የሌላይቱ ዐይን ብቻ ቀርቷል፤ የሦስተኛው ፈጽሞ ወደ ጉም ተለውጧል። በእነዚህ ፎቶግራፎች የሚያለቅስ ሰው የለም፤ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እንዴት እንደሚሞት ግን ይታያል። ሐዘንን ለመሣል ሲያስብ እንባ ከመሣል ሌላ መላ የማይመጣለት ወጣት ሠዓሊ በእነዚህ ምስሎች ፊት አንድ ሰዓት ቢቆም፣ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል።

የሚካኤል ሌላው ሥራ፣ «የወደፊት ትዝታዎች» ብሎ መተርጎም የሚቻለው፣ በመፍረስና በመሠራት መካከል ያለችውን አዲስ አበባን ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ከመፍረሳቸው ከዓመታት በፊት የተጀመረ ሥራ ነው። ከመፍረሱ በኋላ የፒያሳን ሰገነቶች በናፍቆት መሣል ቀላል ነው፤ ገበያም አለው። ፎቶ አንሺው ግን ቤቱ ቆሞ ሳለ፣ ማንም ሳይናፍቀው፣ ነገ ትዝታ ይሆናል ብሎ በፊቱ ቆመ። ከፎቶግራፍ የሚቀሰም መንፈስ ካለ ይኸው ነው፤ ነገሩ ሳይሄድ መድረስ። የአሮጌውን ሰፈር ፎቶ ዛሬ ከማኅደር አውጥቶ በዘይት ቀለም የሚያባዛ ሰው ሰገነቱን ያገኛል፣ መድረሱን ግን አያገኝም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ያን ቀን ለመሣል የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው እሳቱንና ስብርባሪውን ይሆናል። የዜና ፎቶግራፍ ባለሙያው ሙሉጌታ አየነ ከአደጋው ስፍራ ካነሣቸው ምስሎች መካከል ለዓለም አቀፉ የፕሬስ ፎቶግራፍ ውድድር የ2020 የዓመቱ ምርጥ ፎቶግራፍ ዕጩ የሆነው ግን፣ አንዲት ሐዘንተኛ አፈር ዘግና በገዛ ፊቷ ላይ ስትበትን የሚያሳይ ነው። አውሮፕላኑ በምስሉ ውስጥ የለም። በዚህ አገር ያደገ ሰው ያን የእጅ እንቅስቃሴ ያውቀዋል፤ ከለቅሶ ድንኳንና ከሙሾ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ሙሉጌታ በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል እጇን ጠብቆ፣ አፈሩ አየር ላይ ሳለ ያዘው። የአንድ ሕዝብ ሐዘን በአንድ እፍኝ አፈር ሊነገር እንደሚችል ለሠዓሊም፣ ለቅርጻ ቅርጽ ባለሙያም፣ ለተውኔት አዘጋጅም አሳየ። ያንን አፈር ማንም ሰው እንዳለ ገልብጦ ሊሥለው ይችላል። ጥያቄው ግን ቀጂው በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ የራሱን እፍኝ ማየት ይችል እንደሆነ ነው።

ግርማ በርታ «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» በሚል ትርጉም በሚጠራው ተከታታይ ሥራው ሊስትሮውን፣ ሱቅ በደረቴውን፣ ተሸካሚውን በእጅ ስልክ ካሜራ አንሥቶ ከጎዳናው ግርግር ነጥሎ በአንድ ወጥ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ የኢንስታግራም ሽልማት ያገኘበት ሥራ ነው። ከዚህ ሠዓሊው ብቻ ሳይሆን ደራሲውም ይማራል። አንድ ገጸ ባሕርይ ከማስተዋወቁ በፊት ሦስት ገጽ ሙሉ የሰፈሩን ጭቃ የሚተርክ ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ሊስትሮው ከጀርባው ሁሉ ተፍቆ ሳለ በአቋቋሙ ብቻ ማን እንደሆነ መታወቁን ቢያስተውል ቀለም ይቆጥባል።

አይዳ ሙሉነህን የሚቀዱ ግን በርክተዋል፤ የሚቀዱትም ቆዳውን ነው። በነጭና በሰማያዊ የተቀባ ፊት፣ ቀይ ቀሚስ፣ ባዶ አድማስ ካለ «የአይዳ መንፈስ» ተገኘ ይባላል። አይዳ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋተርኤድ ድርጅት የውኃን ጉዳይ በሚመለከት ተከታታይ ሥራ ስትሠራ፣ ባለሙያዎቿን አስከትላ ከዓለም እጅግ ሞቃት ስፍራዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ዳሎል ወርዳለች። ልብሱ፣ የፊቱ ቀለም፣ የሴቶቹ አቋም አስቀድሞ የታሰበ ነው። በዚህ ሥራ የተመለሰችለት ጥያቄም የቆየ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸው ፊልም የዓለምን እጅ ለእርዳታ ቢዘረጋም፣ ኢትዮጵያ ማለት የከሳ ሕፃን ነው የሚል ምስል በዓለም አእምሮ ውስጥ ተክሎ ቀርቷል። ስለ ጥማት እየተናገሩ ያን ምስል ሳይደግሙ መቅረት እንዴት ይቻላል? አይዳ በቀለም መልስ ሰጠች። ውበቱ በዝቶ ጥማቱን ሸፈነው የሚል ተቺ ቢነሣ ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ሊካሄድም ይገባል። ቀጂው ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ወስዷልና።

«ጥበብ ሁሉ ከቀደመ ጥበብ ይወለዳል፤ ታዲያ መበደር ምን ነውር አለው?» የሚሉ አሉ። ነውር የለውም፤ ብድር ግን አበዳሪ አለው። አሜሪካዊቷ ሊን ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ድምፃዊ ፕሪንስን አነሣች። በ1984 ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሥዕል መነሻ እንዲሆን 400 ዶላር ከፍሎ ወሰደው፤ አንዲ ዋርሆልም ከፎቶው ተነሥቶ ሥዕሎች ሠራ። በ2016 ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱ እንደገና መጽሔት ላይ ሲወጣ የዋርሆል ድርጅት ከ10,000 ዶላር በላይ ሲቀበል ለእርሷ ምንም አልደረሳትም። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ ለፎቶ አንሺዋ ፈረደ። የዋርሆል ዝና አላዳነውም።

የአገራችን ሕግ ራሱ ከንቀቱ ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲና ለሠዓሊ በሕይወት ዘመናቸውና ካለፉም በኋላ ለ50 ዓመታት ጥበቃ ሲሰጥ፣ ለፎቶግራፍ የሰጠው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በ25 ዓመት ዕድሜው ድንቅ ፎቶግራፍ ያነሣ ወጣት 50 ዓመት ሲሞላው፣ ገና ካሜራውን ሳያስቀምጥ፣ ሥራው የማንም ይሆናል ማለት ነው። ሕጉ እስኪሻሻል ግን የሥዕል መምህራን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። ተማሪው የአንድን ፎቶ አንሺ ስድስት ሰባት ሥራዎች ለግማሽ ሰዓት ይመልከት፤ ከዚያ ይከደኑና ደብተሩን ይዞ ወደ ሾላ ገበያ ወይም ወደ አውቶቡስ ተራ ይሂድ፤ ሲመለስ ያየውን ያሳይ። ፎቶውን በካሬ ሸንሽኖ ወደ ሸራ ማዛወር የእጅ ልምምድ ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃዋል።

የሥዕል ትርኢት አዘጋጆችም ድርሻ አላቸው። ከሥዕሉ ግርጌ የሚለጠፈው ካርድ የሠዓሊውን ስም፣ ርእሱን፣ ቁመቱንና ወርዱን፣ «ዘይት ቀለም በሸራ ላይ» የሚለውን፣ አንዳንዴም ዋጋውን ይይዛል። ከዚያ ሥር «ከእገሌ ፎቶግራፍ» ለሚል አንድ መስመር የሚበቃ ቦታ አለ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በጀትም አይጠይቅም። ሥዕል ለትርኢት ሲመዘገብ «መነሻው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በቅጹ ላይ መጨመር፣ መልሱንም በካርዱ ላይ መጻፍ ይበቃል።