«ያቺን የእንቅልፍ» ለሚል ደንበኛ
ለየሰፈራችን የፋርማሲ ባለሙያዎች፣

«ያቺን የእንቅልፍ፣ አሥር ፍሬ» የሚል ደንበኛ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ዲያዜፓም በሐኪም ማዘዣ ብቻ እንደሚሰጥ ልንገራችሁ ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሆኖም ከእሽጉ በመቀስ ተቆርጣ፣ በቁራጭ ወረቀት ተጠቅልላ፣ ከራስ ምታት ኪኒን ጋር በአንድ ፌስታል የምትወጣበት ቤት አለ። ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ አላልኩም፤ የሚያደርገው ራሱን ያውቃል።

የሕጉን ነገር ለተቆጣጣሪው ልተወውና ስለ ሰውየው ላንሳ። አንጎል ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ዲያዜፓም የዚያን ጉልበት ያበረታል። የመጀመሪያ ሰሞን ሰውየው ለጥ ብሎ ይተኛል። ውሎ አድሮ ግን አንጎሉ ይለምደውና ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ በሳምንታት ውስጥ አንዷ ፍሬ ሁለት ትሆናለች። የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1988 ከ2 እስከ 4 ሳምንት ብቻ እንዲሰጥ ያሳሰበው በከንቱ አልነበረም። እኛ ዘንድ ዓመታት ያስቆጠሩ አሉ።

በድንገት ሲያቆም እንቅልፍ ጭራሽ ይሸሸዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲብስም እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። እሱ ደግሞ የድሮ ሕመሙ የተነሳ ይመስለውና «ይኸው፣ ያለ እሷ አልሆንም» ብሎ ይመለስላችኋል። ስለዚህ ለዓመታት ሲሸጡለት ኖረው፣ ቁጥጥር በመጣ ሰሞን «የለም» ብሎ ባዶ እጁን መስደድም ግፍ ነው። መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም በወራት ይቀነሳል። ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ኒውካስል ውስጥ ለዚሁ ብቻ ክሊኒክ ከፍተው 12 ዓመት ሠርተዋል።

ብዙም የማይነገረው ሌላው ጣጣ፣ የለመደው ሰውነት ልማዱን መልሶ መርሳቱ ነው። ለወራት ትቶ የከረመ ሰው በድሮው መጠን ሲጀምር መጠኑ ይከብደዋል። ጫት ቅሞ ምርቃናውን ለመስበር በመጠጥ ላይ ሲጨምራትማ ትንፋሹን እስከ ማፈን ትደርሳለች። የጨብሲን ነገር ከእኔ ይልቅ የምሽት ተረኞቻችሁ ያውቁታል።

ልመናዬ ትንሽ ነው። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት? አቋርጠው ነበር? መጠጥስ ይጠጣሉ?» በሉት። ማዘዣ ከሌለው ወደ ሐኪም ላኩት፤ የቆየ ተጠቃሚ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያይ በድንገት እንዳያቋርጥ አደራ በሉት። ወረፋው ረጅም ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ሒሳቡን ደምራችሁ መልሱን ቆጥራችሁ እስክትሰጡ ድረስ ያልቃሉ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት ደንበኛችሁ