የርካሽ መኪና ውድነት

የአንድ የጭነት መኪና እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ገዢው ገንዘቡን ቆጥሮ ቁልፉን በተረከበበት ቀን አይደለም። የሚታወቀው መኪናው ሸክሙን ይዞ አቀበቱን በወጣባቸው ዓመታት፣ በጠጣው ናፍታ፣ ጋራዥ ውስጥ በቆመባቸው ቀናትና ከኋላው ትቶት በሄደው ጭስ ነው። ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ሐርጌሳ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1988 በዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖችና መድፎች የፈራረሰችው ሐርጌሳ ዛሬ ጎዳናዎቿ በመኪና የተጨናነቁ ከተማ ሆናለች። ከእነዚህም ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ በጃፓን አገር አገልግለው በመርከብ በርበራ ወደብ የደረሱ ናቸው። ለዚህም መሪያቸው ምስክር ነው፤ በሐርጌሳ የሚነዳው የመንገዱን ቀኝ ይዞ ሆኖ ሳለ፣ የብዙዎቹ መኪኖች መሪ የግራ መስመር ይዞ ለሚነዳው ለጃፓን ሾፌር እንደተገጠመ በቀኝ በኩል ይገኛል። መኪናው ለሌላ አገር መንገድ ተሠርቶ እንደመጣ መሪው በግልጽ ይናገራል። ለሌላ አገር ነዳጅ ተሠርቶ መምጣቱ ግን በዓይን አይታይም። የዛሬው ርዕሰ አንቀጻችን የሚያተኩረው በዚህ በማይታየው ጉዳይ ላይ ነው።

መኪና ገዢ ሊመዝናቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። እነዚህም የመግዣ ዋጋ፣ የነዳጅ ቁጠባና የጭስ ደንብ ናቸው። አብዛኛው ገዢ የመጀመሪያውን ብቻ ይመዝናል፤ ሁለተኛውን ከገዛ በኋላ ያስታውሰዋል፤ ሦስተኛውን ደግሞ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ይተወዋል።

ሠራዊቱ ስለ ሁለተኛው ሚዛን ያገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት የገባው ኡራል 375 ጉልበቱና ጥንካሬው የተመሰከረለት ነበር። ነገር ግን ሞተሩ የቤንዚን በመሆኑ መቶ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ወደ 50 ሊትር፣ በአስቸጋሪ መንገድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1977 በናፍታ የሚሠራውን ኡራል 4320 ማምረት የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ መኪኖች 300 ኪሎ ሜትር ቢጓዙና የእያንዳንዱ ፍጆታ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ50 ወደ 35 ሊትር ቢወርድ፣ በአንድ ጉዞ ብቻ 900 ሊትር ይተርፋል። ይህም ማለት ከኋላ የሚከተለው የነዳጅ ቦቴ ቁጥር ይቀንሳል፤ ቦቴውን የሚጠብቀው ወታደርም ለሌላ ግዳጅ ይውላል ማለት ነው።

ሒሳቡ ለነጋዴውም ያው ነው። ከበርበራ ተነሥቶ በሐርጌሳ በኩል እስከ ኢትዮጵያ ድንበር እስከ ቶጎ ውጫሌ የሚዘልቀው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ሐርጌሳ እስኪደርስ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚህ መስመር ላይ ሁለት መኪኖች በመቶ ኪሎ ሜትር የአሥር ሊትር ልዩነት ቢኖራቸው፣ በአንድ ደርሶ መልስ 50 ሊትር፣ በዓመት ሃምሳ ጊዜ ቢመላለሱ 2,500 ሊትር ይለያያሉ። በመግዣ ዋጋ ርካሽ የነበረው መኪና ይህን ልዩነት በየዓመቱ ከባለቤቱ ኪስ ይወስዳል።

የነዳጅ ዋጋ የሕዝብን ኑሮ እንደሚያናጋ ታሪካችን ይመሰክራል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች አድማ የመቱት የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ ነበር፤ የአድማው ፍጻሜም የት እንደደረሰ የሚዘነጋ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህም፣ በመኪና የሚበላው እያንዳንዱ ሊትር በእህሉና በሸቀጡ ዋጋ ላይ መደመሩን የገበያ ቅርጫት ያንጠለጠለች እናት ሁሉ ታውቃለች።

ሦስተኛው ሚዛን ጭሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር የሚያስከትል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2012 ወስኗል። ይህን ጭስ የሚተነፍሰው መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፈው ባለመኪና ሳይሆን፣ በመንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው ሴት፣ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃንና በኬላ ላይ የቆመው ዘብ ነው። ባለመኪናው ያተረፈውን ገንዘብ እነርሱ በሳንባቸው ይከፍሉታል።

የአውሮፓ አገሮች ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዩሮ የሚባሉትን የደረጃ ደንቦች አወጡ። በመጀመሪያው ደንብ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሞተር በየኪሎዋት ሰዓቱ እስከ 8 ግራም የናይትሮጅን ኦክሳይድና እስከ 0.36 ግራም ጥላሸት እንዲለቅ ይፈቀድለት ነበር። በስድስተኛው ደንብ መጠኑ ወደ 0.4 እና ወደ 0.01 ግራም ዝቅ ብሏል። ይህ ታላቅ የሥራ ውጤት ነው፤ ግን በነፃ አልተገኘም። በሞተሩ ውስጥ የሚቃጠለው አየር እጅግ ሲሞቅ ነዳጁ በሚገባ ይቃጠላል፤ ሆኖም የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ይበዛል። ሙቀቱ ሲቀነስ ደግሞ ጥላሸቱና የነዳጁ ፍጆታ ይጨምራል። መሐንዲሶች ይህን ጠብ ያስታረቁት ጥላሸቱን የሚይዝ ፊልትሮ በጭስ ማውጫው ላይ በመግጠምና ጋዙን የሚያከሽፍ የዩሪያ ፈሳሽ በመርጨት ነው። ይህም ሁሉ የመኪናውን ዋጋ ከፍ አድርጎታል። ወጪውን ሽሽት ማታለልን የመረጡም ነበሩ፤ ቮልስዋገን 11 ሚሊዮን በሚሆኑ የናፍታ መኪኖች ላይ የምርመራ ጊዜ ብቻ ንጹሕ መስሎ የሚታይ ፕሮግራም መግጠሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ተጋልጧል።

እዚህ ላይ በሐርጌሳም ሆነ በአዲስ አበባ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ቁም ነገር ይነሣል። ዘመናዊው ሞተር ንጹሕ ነዳጅ ይፈልጋል። አውሮፓውያን ሞተሩን ብቻ አላሻሻሉም፤ በናፍታቸው ውስጥ የሚገኘውን ድኝ ማለትም ሰልፈር ከአንድ ሚሊዮን እጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ 500፣ በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ወደ 10 እጅ አውርደውታል። ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ 50 እጅ የሚለውን ወሰን ተቀብለዋል። ድኝ የበዛበት ናፍታ የተቀዳበት ዘመናዊ መኪና ፊልትሮው ይደፈናል፤ የጭስ ማጣሪያው ይመረዛል፤ ጉልበቱ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ መካኒኩም ፊልትሮውን ቆርጦ ይጥልለታል። መኪናው ለጊዜው ይሮጣል፤ ነገር ግን ገዢው ውድ ዋጋ የከፈለበት ንጽሕና በጋራዡ ወለል ላይ ቀርቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

መንግሥታት ደንብ ከማውጣት አልቦዘኑም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥላለች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ2015 እስከ 2018 ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ አነስተኛ መኪኖች ወደ ሌሎች አገሮች ተልከው ከመቶ አርባው የገቡት አፍሪካ ነው። ስለዚህ በር ላይ ዘብ ማቆም ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ የመኪናን ዕድሜ ብቻ የሚቆጥር ደንብ ግማሽ ደንብ ነው። በሚገባ የተያዘ የአሥር ዓመት መኪና፣ ፊልትሮው ከተጣለበት የሦስት ዓመት መኪና ያነሰ ሊያጨስ ይችላል። ነዳጁን ሳያጸዳ ዘመናዊ ሞተር ግዙ የሚል ደንብም በወረቀት ላይ የሚቀር ነው። በአንጻሩ፣ «ድሆች ነን፤ ጭስ የሀብታሞች ወግ ነው» የሚለውን አነጋገር አንቀበልም። ታሞ መታከሚያ የሌለው ድሃው ነውና ከጭስ መጠበቅ የሚገባው ከሁሉ በፊት እርሱ ነው። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ ቤተሰቡንም በእርሱ የሚያስተዳድር ሾፌር አዲስ መኪና መግዛት እንደማይችል እናውቃለን፤ ስለሆነም ከእርሱ የሚጠየቀው የሚችለው መሆን አለበት።

በእኛ እምነት የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። በመጀመሪያ በወደብ የሚራገፈው ናፍታ የድኝ መጠኑ ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይነገር። ቀጥሎ ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ፍሬንና መብራትን እንደሚያይ ሁሉ ጭሱን በመሣሪያ ይለካ፤ ፊልትሮ ቆርጦ መጣልም እንደ ጥፋት ይቆጠር። ከዚያ በኋላ ከነዳጁ ጥራት ጋር የሚመጣጠን የሞተር ደረጃ ይወሰን። መካኒኮቻችንም ፊልትሮን ከመጣል ይልቅ ማጽዳትን ይሠልጥኑ።

ገዢውም በበኩሉ ከዋጋ ክርክር በፊት ይጠይቅ። መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይፈጃል? ሞተሩ የየትኛው ደረጃ ነው? በሰፈሬ የሚሸጠው ናፍታ ይስማማዋል? ፊልትሮው በቦታው አለ? መለዋወጫው ይገኛል? ለእነዚህ መልስ የሌለው መኪና ርካሽ ሊባል አይችልም።

ወታደሩና ሾፌሩ ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ የማያሻው ግዴታም አለባቸው። ሞተሩ እየሠራ የቆመ ትልቅ የጭነት መኪና በሰዓት ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ናፍታ በከንቱ ያቃጥላል። የአየር ፊልትሮን በወቅቱ ማጽዳት፣ የጎማን ንፋስ መጠበቅ፣ የተበላሸ ኢንጀክተርን ማስጠገንና በቆሙ ጊዜ ሞተርን ማጥፋት ምንዛሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። ነዳጅ በላብ የተገኘ የአገር ሀብት ነው፤ አየርም የሁላችንም ነው። አንዱን የሚያባክን ሁለተኛውን ያበላሻል፤ አንዱን የሚቆጥብም ሁለተኛውን ያተርፋል።