ሀዋላ እየመጣ የጤና መድኅን ይታደስ?

ከመርሳ እስከ ውርጌሳ፣ በሀብሩ ልጁን ወደ ሳዑዲ የሸኘ ቤት ብዙ ነው። ሀዋላው መግባት ሲጀምር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መዋጮ ማደሻ ይደርስና ቤቱ ውስጥ ክርክር ይነሳል። «ልጅቷ እየላከች ለምን እንከፍላለን? ብንታመም ወልድያ የግል ክሊኒክ እንገባለን» የሚለው ወገን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። መድኅን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ፣ ሪፈር አጽፎ ነው ሆስፒታል የሚደርሰው። ሲሰለፍ ውሎ «መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ውጭ ግዛ» ከተባለ፣ የመድኅን ደብተሩ ምን ጠቀመኝ ቢል አይፈረድበትም። በ2014 ወልድያ ከጦርነቱ ስትወጣ ሆስፒታሏ ተዘርፎ ነበር። ያኔ ሌላ ቦታ ሄዶ መታከም የሚችለው ደብተር የያዘው ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ የያዘው ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የላኪዋ ጤና ነው። ሳዑዲ የግል ድርጅት አሠሪ ለውጭ ሠራተኛው የጤና መድኅን እንዲገዛ ታስገድዳለች። የቤት ሠራተኞች ግን ለረጅም ዘመን ከዚህ ውጭ ነበሩ። ከሰኔ 2016 መጨረሻ ወዲህ የመጣው ግዴታም ከአራት በላይ የቤት ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ነው የሚመለከተው። በአንድ ቤት ብቻዋን የምትሠራው የሀብሩ ልጅ በዚህ ውስጥ የለችበትም። መድኅን ያላትም ብትሆን ሽፋኑ የተሳሰረው ከአሠሪው ጋር ነውና ካፊል (አሠሪ) ስትቀይር ይዛው አትሄድም። ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) የተቃጠለባት ደግሞ ጭራሽ ምንም የላትም። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ የስንቱ ቤት ሀዋላ በአንድ ሰሞን ደረቀ!

እንግዲህ መድኅኑን ትቶ ሀዋላውን የያዘ ቤተሰብ፣ ራሷ መድኅን የሌላትን ልጅ መድኅኑ አድርጓል። እሷ የታመመች ቀን ገንዘቡም ይቆማል። ወሎ ውስጥ ልጄ ጅዳ ገባች ብሎ ከቅሬ (ከቀብር ዕድር) የወጣ ሰው አላውቅም፤ ለቀብር የምንጠነቀቀውን ያህል ለሕክምናውም ብንጠነቀቅ ምን አለበት? ደግሞም የጤና መድኅኑ ሥርዓት በ2003 ተሁለደሬን ጨምሮ በጥቂት ወረዳዎች ሲሞከር ጀምሮ የቆመው ጤነኛው ለታማሚው በሚያዋጣው ነው። አቅም ያለው ቤት በወጣ ቁጥር ካዝናው ይሳሳል፣ ያ «መድኃኒት የለም» የሚባለውም ይብሳል።

ስለዚህ ይታደስ ባይ ነኝ፤ ሀዋላው ደግሞ ከፋርማሲ ለጎደለው መድኃኒት ይሁን። አንድ ቤት ላይ ግን እንዲህ በድፍረት መናገር ይከብደኛል፤ ልጁን የላከበትን የደላላ ዕዳ ገና ከፍሎ ያልጨረሰው ቤት ላይ። ልጁ ሳዑዲ ስላለች ሰፈሩ ድሃ አይለውም፣ መንግሥት መዋጮውን ከሚከፍልላቸው ድሆች ዝርዝር ውስጥም ለመግባት ይቸገራል፤ የመጣው ብር ግን እጁ ላይ ሳይውል ይሄዳል። ይህ ቤት ዘንድሮን ቢዘል አልወቅሰውም።

የማደሻው ቀን ሳያልፍ ግን ልጅቷ ስትደውል ስለ ብሩ ከመጠየቅ በፊት አንድ ነገር ትጠየቅ፦ «ኢቃማሽ እስከ መቼ ነው? ብትታመሚስ ማን ያሳክምሻል?»